ሹራብ መሥራት ወደድኩ፤ አሁን ግን «ሽጪው» እያሉኝ ነው

ውድ አማካሪያችን፣ ጤና ይስጥልኝ።

ዕድሜዬ 39 ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በ2017 መጀመሪያ ላይ ሰፈራችን ስለተነሳ ከካዛንቺስ የከተማዋ ዳር ወደሆነው ገላን ጉራ መጣን። ካዛንቺስ እያለሁ የጀበና ቡና እሸጥ ነበር። ደንበኞቼ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ነበሩ፤ ማን ስንት ስኳር እንደሚያደርግ ሳልጠይቅ አውቅ ነበር። ወደዚህ ስንመጣ ሥራዬም ጎረቤቶቼም እዚያው ቀሩ። አዲሱን ቤት አላማርርም፣ ንጹህ ነው። ቀኑ ግን አልመሽ አለኝ። ባለቤቴ የሚሠራው መሀል ከተማ ስለሆነ ሌሊት 11 ሰዓት ወጥቶ ማታ 2 ሰዓት ይገባል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ይውላሉ። ቡና አፍልቼ ማንን እንደምጠራ ግራ ገብቶኝ ብቻዬን ጠጥቼ የተነሳሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ከጎናችን አንድ ትልቅ ሴት አሉ። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። አንድ ቀን ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው አሮጌ ሹራብ ሲተረትሩ አየሁ። ሰላም ብዬ ላልፍ ስል «ነይማ ልጄ፣ ይቺን ያዢልኝ» አሉና ሁለት እጄን አስዘርግተው ክሩን ይጠመጥሙብኝ ጀመር። ከዚያ እንደተጠመጠመ ከእጄ ላይ አውጥተው አሰሩት። ክሩ እንደተጨማደደ ነበር። ነገ አጥበን ውሃ የሞላ ላስቲክ አንጠልጥለንበት ስንሰቅለው ይፍታታል፣ ከዚያ በኳስ በኳስ እንጠቀልለዋለን አሉኝ። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። እንዲህ ሆኖ ነው የለመድኩት።

መጀመሪያ እጄ አልታዘዝ አለኝ። የአንገት ልብስ ብዬ የጀመርኩት ከታች ጠባብ፣ ወደ ላይ ሲሄድ እየሰፋ እየሰፋ ሄደ። ለካ ሳላውቀው በየረድፉ ጫፍ አንድ አንድ ቋጠሮ እየጨመርኩ ነበር። እማማ አልሳቁብኝም። በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩልኝና «ተርትሪው፣ ክር አይቀየምም» አሉኝ። ቀጥሎ ግልባጩን፣ ማለትም ቋጠሮውን በተቃራኒው በኩል መሥራትን፣ አስተማሩኝ። ከዚያ ፊትና ግልባጩን እያፈራረቁ የእጅጌውን ጫፍ እንደ ላስቲክ ሳብ ለቀቅ የሚል አድርጎ መሥራትን። አንዲት ቋጠሮ ከመርፌው ስታመልጥ እስከ ታች ድረስ እንደምትወርድ፣ በኪሮሽ ደረጃ በደረጃ ተይዛ እንደምትመለስም አሳዩኝ። ዛሬ ለሁለቱም ልጆቼ ሹራብ ሠርቻለሁ። ከሰዓት በኋላ እማማ ደጃፍ ቁጭ ብለን ስንሠራ ሐሳቤ ይረጋል። አንድ ረድፍ ሲያልቅ ሌላ ያምረኛል። ይህን ያህል የወደድኩት ነገር መቼ እንደነበር አላስታውስም።

ችግሬ የመጣው አሁን ነው። ቃሊቲ አካባቢ የልጆች ልብስ ሱቅ ያላት ሴት የልጄን ሹራብ አይታ ወደደችው። ለክረምት መግቢያ 40 የልጅ ሹራብ እስከ ሰኔ 30 እንድሠራላት ጠየቀችኝ። ለአንዱ 700 ብር ትከፍላለች፣ ክሩ በእኔ ነው። ለአንድ ሹራብ ክር ወደ 350 ብር ያስወጣኛል። ባለቤቴ ሲሰማ በጣም ተደሰተ። «28,000 ብር እኮ ነው! እንዲሁም ስትሠሪ ትውያለሽ፣ ከዋልሽ አይቀር ገንዘብ ይሁንልን» አለኝ። እህቴም ሥራ ፈትቼ ዕድል ልገፋ እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ ግን ሆዴ እምቢ አለኝ። 40 አንድ ዓይነት ሹራብ ሳስብ ይደክመኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ መርፌውን አልነካሁትም። አንዱን ለመጨረስ በቀን ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እየሠራሁ ሁለት ሳምንት ይፈጅብኛል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ የቀኝ እጄ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይደነዝዙኛል።

ቤታችን ገንዘብ እንደሚያስፈልገው አውቃለሁ። የባለቤቴ ትራንስፖርት ብቻ ደመወዙን እየበላው ነው። ስለዚህ ሰነፍና ራስ ወዳድ የሆንኩ ይመስለኛል። ለሴትዮዋ በአሥር ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለብኝ። ባለቤቴን ማሳዘን አልፈልግም፤ የወደድኩት ነገር እንዲያስጠላኝም አልፈልግም። ምን ይሻለኛል?

እህታችሁ፣ ከገላን ጉራ፣ መጋቢት

መልስ

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስንፍናውን ከመንገዱ እናንሳው። በጠዋት ተነስታ ከሰል አቀጣጥላ፣ ቡና ቆልታ፣ የደንበኞቿን ስኳር በቃሏ ይዛ ቤተሰብ ስታግዝ የኖረች ሴት ሰነፍ አትባልም። ሥራሽ የጠፋው ሰፈርሽ ስለተነሳ ነው። ራስ ወዳድነቱንም አላየሁትም። ራስ ወዳድ ሰው ስለ ባሏ ትራንስፖርት እያሰበ አይጨነቅም።

አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። ሹራብ እንዴት እንደለመድሽ ስትጽፊ እማማ ያልገቡበት ቦታ የለም። ክሩን እጅሽ ላይ የጠመጠሙት እሳቸው፣ የሰፋብሽን የአንገት ልብስ የቆጠሩልሽ እሳቸው፣ ከሰዓት የምትቀመጪው እሳቸው ደጃፍ ላይ። ስለ ትዕዛዙ ስትጽፊ ደግሞ አንድም ጊዜ አልጠራሻቸውም። ሱቋ አለች፣ ባለቤትሽ አለ፣ እህትሽ አለች፣ 28,000 ብሩ አለ። እማማ የሉም። እስቲ ራስሽን ጠይቂ፦ ሆድሽ እምቢ ያለው ሹራብ መሸጡን ነው? ወይስ ከዚያ ደጃፍ መነሳቱን?

እኔ እንደተረዳሁት፣ ካዛንቺስ ላይ ያጣሽው ገቢ ብቻ አልነበረም። ሰው አጣሽ። ቡና አፍልተሽ የምትጠሪው ሰው አጣሽ። ከሹራቡ ጋር ደግሞ ሰው ተከትሎ መጣልሽ። ያ ነው ሐሳብሽን ያረጋው። እርግጥ ክሩና መርፌውም የራሳቸው ደስታ አላቸው። የተረተርሽውን መልሰሽ ስትሠሪው፣ ያመለጠችውን ቋጠሮ በኪሮሽ ጎትተሽ ስትመልሻት የሚሰማሽን ማንም ሊቀማሽ አይገባም። ግን 40 ሹራብ በቀነ ገደብ ይዘሽ ቤት ውስጥ ብቻሽን ስትቀመጪ አስቢው። ክሩና መርፌው አብረውሽ አሉ። ደጃፉ ግን የለም። ሆድሽ ይህን ቀድሞ ያወቀ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንሂድ። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ እንድትከተይኝ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከባለቤትሽ ጋር ስትነጋገሪ የሚያግዝሽ ይህ ነው።

በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ፣ ለሁለት ሳምንት። ይህ ለአንድ ሹራብ ወደ 30 ሰዓት ይመጣል። 40 ሹራብ ማለት 1,200 ሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት፣ እሁድም በዓልም ሳትዪ ብትሠሪ እንኳ 150 ቀን ይፈጃል። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሰኔ 30 ያለው ግን ከ105 ቀን አይበልጥም። መሀሉ ላይ ፋሲካ አለ። ልጆች ይታመማሉ፣ እንጀራ ይጋገራል፣ ልብስ ይታጠባል። ሴትዮዋን እሺ ብትያት ትዕዛዙ በጊዜው አይደርስም። ይህ የፍላጎት ጉዳይ አይደለም፣ የሰዓት ጉዳይ ነው። እጅሽ እየፈጠነ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ሆኖም በአንድ ጊዜ በዚህ መጠን አይፈጥንም።

ብሩንም እንየው። ባለቤትሽ 28,000 ያለው ጠቅላላው ነው። ከእያንዳንዱ ላይ 350 ለክር ሲወጣ የሚቀርሽ 14,000 ብር ነው። 14,000 ለ1,200 ሰዓት ሲካፈል ለአንድ ሰዓት 12 ብር እንኳ አይሞላም። ካዛንቺስ አንድ ስኒ ቡና ስትሸጪ ምን ያህል ታገኚ እንደነበር ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ሌላም አለ። ሴትዮዋ ክሩ በአንቺ ነው ብላለች። ስለዚህ አንድ ብር ሳትቀበዪ 14,000 ብር ለክር ማውጣት ይኖርብሻል። ደግሞ አንድ ቀለም ከፈለገች ክሩን በአንዴ መግዛት አለብሽ። እንደምታውቂው ተመሳሳይ ቀለም የተባለ ክር በሌላ ጊዜ ሲገዛ የቀለሙ አነካከር ትንሽ ይለያል፤ እጅጌውና ደረቱ አይመሳሰሉም። ይህን ገንዘብ ከየት ታመጪዋለሽ? ከእቁብ? ከብድር? ሹራቡ ሲደርስ «ሃያውን ብቻ ነው የምወስደው» ብትልሽስ? ቀብድ እንደምትሰጥሽ አልጻፍሽልኝም። ካልተነጋገራችሁበት፣ ትርፉ እርግጠኛ ሳይሆን ኪሳራው ብቻ አንቺ ላይ ተጭኗል ማለት ነው።

ሴትዮዋን ክፉ ናት ለማለት አይደለም። ሱቋ ውስጥ ከአንቺ ሹራብ ጎን የተሰቀለው የማሽን ሥራ ነው። ሁለት ሱቅ ራቅ ብሎ ደግሞ ቦንዳ ይሸጣል። ማሽን የአንቺን የአንድ ሳምንት ሥራ በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል። ገዢ ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ የእጅ ሥራ ስለሆነ ብቻ እጥፍ አይከፍልም። ስለዚህ እሷም ከ700 ብዙ ከፍ ልትል አትችልም ይሆናል። የእጅ ሹራብ ብዛት ባለው የሱቅ ትዕዛዝ የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው። ማን እንደሠራው የሚያውቅና ለዚያ ብሎ የሚገዛ ሰው ሲያገኝ ነው ዋጋው የሚመጣው።

ስለ ባለቤትሽ ደግሞ ልንገርሽ። «እንዲሁም ስትሠሪ ትውያለሽ» ያለው ንግግር እንዳስከፋሽ ይገባኛል። ሥራሽን እንደ ጊዜ ማሳለፊያ የቆጠረው ይመስላል። ግን ከእሱ በኩል ሆነሽ እዪው። ሌሊት 11 ሰዓት ይወጣል፣ ማታ 2 ሰዓት ይገባል። አንቺ ስትሠሪ አያይሽም። ቤት ሲደርስ መርፌው ተሰብስቧል፣ ራት ቀርቧል። እሱ የሚያየው ያለቀውን ሹራብ ነው። ዛሬ ሁለት ሰዓት፣ ነገ ሁለት ሰዓት ተቀምጠሽ እንደሠራሽው በምን ይወቅ? አንድ ቀን ሹራቡ የለም፣ ሌላ ቀን አለ። እንዲህ ለሚያየው ሰው 40ው ቀላል ነው የሚመስለው። ከዚህም ሌላ፣ ደመወዙ መንገድ ላይ እያለቀበት ያለ ሰው 28,000 የሚል ቁጥር ሲሰማ ቢደሰት አይፈረድበትም። እኔ ደስታው ውስጥ ስግብግብነት አልታየኝም። «ትንሽ እንተነፍሳለን» የሚል ነው የታየኝ።

ስለዚህ ማታ ደክሞት ሲገባ አትጀምሪው። እሁድ፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ ይሁን። ወረቀት ያዢና ቁጥሮቹን ራሱ እንዲጽፋቸው አድርጊ። 30 ሰዓት በ40፣ 350 ብር በ40። ሰው ራሱ ያሰላውን ሒሳብ አይክድም። ከተቻለም መርፌውን አንስተሽ እሱ ፊት አንድ ሁለት ረድፍ ሥሪ። አንድ ረድፍ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ በሰዓቱ ይይ። ከዚያ ስሜትሽን ንገሪው። «ይህን ሥራ ስሠራ ነው እዚህ ሰፈር መኖር የቻልኩት» ብትዪው የሚከብደው አይመስለኝም። እስካሁን ይህን ነግረሽው ታውቂያለሽ? በደብዳቤሽ ውስጥ እሱ ያለሽ አለ፣ አንቺ ያልሽው ግን የለም። ዝም ብለሽ ከሆነ እምቢታሽን ስንፍና አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

እጅሽን በተመለከተ ጨክኜ ነው የምናገረው። ሌሊት አውራ ጣትና ሌባ ጣት መደንዘዝ ዝም የሚባል ነገር አይደለም። በእጅ አንጓ በኩል የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ ስሜት የሚሰጠው ለአውራ ጣት፣ ለሌባ ጣትና ለመሀል ጣት ነው። አንጓው ተደጋጋሚ ሥራ ሲበዛበት ነርቩ ይጫናል። እንዲህ ያለው መደንዘዝ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ይብሳል። ያንቺ ይሄ ይሁን ሌላ እኔ ከዚህ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ታይ፤ ምን ስትሠሪ እንደምትውዪም ንገሪያቸው። እስከዚያው በየግማሽ ሰዓቱ መርፌውን አስቀምጪ፣ ጣቶችሽን ዘርጊ፣ አንጓሽን አጥፈሽ አትሥሪ፣ ክሩንም አጥብቀሽ አትጎትቺ። በዚህ እጅ ላይ 1,200 ሰዓት መጫን አይታሰብም።

አሁን ወደ ከበደሽ ጥያቄ ልምጣ። ቤት ውስጥ ችግር እያለ ገንዘብ የማያመጣ ነገር መውደድ ነውር ነው ወይ ነው ጥያቄሽ፣ በቀጥታ ባትጽፊውም። እናቶቻችንና አያቶቻችን እንዝርት ይዘው ጥጥ ሲፈትሉ አስታውሺ። ቡና እየተፈላ፣ ወሬ እየተወራ፣ ልጅ እየታቀፈ ይፈተል ነበር። ከተፈተለው ልቃቂት ከፊሉ ገበያ ይወጣል፣ ለጨው ለበርበሬ ይሆናል። ከፊሉ ደግሞ በሙዳይ ይቀመጥና ሸማኔ ዘንድ ሄዶ ለልጅ ጋቢ ይሆናል። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ያን ሁሉ ክር በእንዝርት ፈትሎ ማድረስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚጠይቅ አስቢው። ሰዓቱን ቆጥሮ «አያዋጣሽም» ያላቸው የለም። ለገበያ የሚሆነውንና ለልጃቸው የሚቀመጠውን የሚለዩት ግን ራሳቸው ነበሩ። እኔ ለአንቺም የምመኝልሽ ይህንን ነው። መሸጥ አይከለከልም። የትኛው እንደሚሸጥ፣ ስንት እንደሚሸጥ፣ መቼ እንደሚሸጥ ግን አንቺ ትወስኚ። በዚህ ትዕዛዝ ውስጥ ብዛቱን፣ ዋጋውንና ቀኑን የወሰነችው ሴትዮዋ ናት። መርፌው የከበደሽ ለዚህም ይመስለኛል።

ታዲያ የቤቱ ችግርስ? እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጀበናሽ የት ነው?

ካዛንቺስ ደንበኛ የነበረሽ ሙያ አለሽ። ገላን ጉራ ከአንቺ ጋር ብዙ ቤተሰብ መጥቷል። ሁሉም እንደ ባለቤትሽ በሌሊት ወጥቶ ትራንስፖርት ይጠብቃል። እነዚህ ሰዎች ድሮ ሥራ ሲገቡ ቡና የሚጠጡበት ቦታ ነበራቸው። ዛሬ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፍ ቆሞ ትኩስ ነገር የሚያምረው ሰው ስንት ይሆን? በርግጥ ቦታ ያስፈልጋል፣ ፈቃድም ያስፈልጋል። ወረዳችሁ ሄደሽ የት መሸጥ እንደሚቻል ጠይቂ። የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቱንም አነጋግሪ። በማለዳ ለሁለት ሰዓት ያህል ሠርተሽ ከልጆቹ ጋር ቁርስ መድረስ ትችዪ ይሆናል። የሚመችሽ ካልሆነ ተይው፤ ልጆቹን ማን ያዘጋጃል የሚለው ራሱ ጥያቄ ነው። ግን ገንዘቡን ቡናው ቢያመጣው ሹራቡ ይህን ሁሉ ሸክም አይሸከምም። ባለቤትሽ የፈለገውም ሹራብ እንድትሸጪ ሳይሆን ቤቱ እንዲቀለው ነው።

ከሹራቡም ትንሽ ገንዘብ ማግኘት ከፈለግሽ ከትንሹ ጀምሪ። የሕፃን ኮፍያና ካልሲ ክር የሚፈጀው ጥቂት ነው፣ በሁለት ሦስት ቀን ያልቃል፣ እጅም ብዙ አያደክምም። ሰፈር ውስጥ አራስ አይጠፋም። አራስ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ምን ይዤ ልሂድ እያለ ሲጨነቅ፣ በእጅ የተሠራ ኮፍያና ካልሲ ከአንቺ ቢያገኝ ደስ ብሎት ይከፍላል። ለሕፃን ሲሆን ለስለስ ያለ፣ የማይኮሰኩስ ክር ምረጪ። የሱፍ ክር ከሆነ በሙቅ ውሃ እንዳያጥቡት ንገሪያቸው፤ ተኮማትሮ ይደድራል። በወር ከስንት በላይ እንደማትሠሪ አስቀድመሽ ወስኚ። ያ ቁጥር ሲሞላ «ለዚህ ወር ሞልቷል» ማለትን ልመጂ። መጀመሪያ ይከብዳል፣ በተለይ የሰፈር ሰው ሲሆን።

እማማንም አማክሪያቸው። እንዲፈቅዱልሽ ሳይሆን፣ ሙያው የእሳቸው ስለሆነና በዕድሜያቸው ብዙ ስላዩ ነው። ሲሸጡ ኖረው ይሆናል፤ ለምን እንደተዉትም ያውቁ ይሆናል። ምናልባት ኮፍያውን አብረውሽ መሥራት ይፈልጋሉ። ከሆነ የሠሩበትን በግልጽ አካፍያቸው፤ «ለቡና» እያልሽ አትሸፋፍኚው። ካልፈለጉ ደግሞ ከሰዓት በኋላው ላይ ገንዘብ አይግባበት። የሚሸጠውን ጠዋት ቤትሽ ሥሪ፣ እማማ ደጃፍ ስትሄጂ የራስሽን ይዘሽ ሂጂ።

ሌላው መንገድ ትዕዛዙን ከሰፈር ሴቶች ጋር ተካፍሎ መሥራት ነው። ሲነገር ደስ ይላል። የእያንዳንዱ ሰው እጅ ግን አይመሳሰልም፤ አንዷ አጥብቃ ትሠራለች፣ ሌላዋ አላልታ፣ በአንድ ቁጥር ተጀምሮ አንዱ ለአራት ዓመት ሌላው ለስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ ይወጣል። እሱን የምታስተካክለው አንቺ ነሽ፣ የምትወቀሰውም አንቺ ነሽ። ለዘንድሮ አልመክርሽም።

ለባለሱቋ የምትሰጪው መልስ ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «ስለወደድሽው አመሰግናለሁ። 40 ግን በእጅ በዚህ ጊዜ አይደርስም። እጄም ሕክምና ይፈልጋል። ከፈለግሽ እስከ ሰኔ ድረስ ጥቂት የሕፃን ኮፍያና ካልሲ ልሠራልሽ እችላለሁ። ዋጋውን ልንገርሽ፣ ለክሩ ቀብድ ትሰጪኛለሽ።» እሺ ካለች፣ ጥሩ። እምቢ ካለች በር አልዘጋሽም፤ ሌላ ጊዜ ልትመጣ ትችላለች። አንድ ሹራብ በደህና ዋጋ ለማዘዝ የሚመጣ ሌላ ደንበኛም ሊያጋጥምሽ ይችላል። ያኔ ሰዓቱንና ክሩን አስልተሽ ዋጋውን አንቺ ተናገሪ።

አሥሩን ቀን በሙሉ አትጠብቂ፤ ሴትዮዋ ሌላ ሠሪ መፈለግ ካለባት ጊዜ ትፈልጋለች። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂጂ። እሁድ ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሪ፣ ሰኞ ለሴትዮዋ ደውዪ። ቅደም ተከተሉን ግን አታዛቢው። ባለቤትሽ እምቢ ማለትሽን ከእህትሽ ወይም ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማው፤ መጀመሪያ ከአንቺ ይስማ።